ዳቦ ቆሎ አትላኩ

እኛ ሰው መሸኘት እናውቅበታለን። ሙሽራ እንሸኛለን። አገር ቤት ዓረብ አገር የምትሄድ ልጅ ስትኖር ሠፈሩ ሚኒባስ ተኮናትሮ ቦሌ ድረስ ይከተላታል። ሟችንማ እንደ እኛ የሚሸኝ የለም፤ ለእሱ እድር አለን፣ ድንኳን አለን፣ ንፍሮ አለን። ለእያንዳንዱ ሽኝት ወግ አለው። ምን እንደሚባል፣ ምን እንደሚበላ፣ ማን ቀድሞ እንደሚያለቅስ ሳይቀር የታወቀ ነው።

እዚህ አሜሪካ ግራ ያጋባን አንድ አዲስ ሽኝት ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲያትል፣ በዳላስ፣ በሚኒያፖሊስ ባሉ የሀበሻ ቤቶች፣ እዚሁ ተወልዶ ወይም በጨቅላነቱ መጥቶ ያደገ ልጅ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ይመለስና “ማሚ፣ ማሪን ልገባ ነው” ይላል። ወይም አርሚ፣ ወይም ኔቪ። (ልጁ ስል ልጅቷንም ማለቴ ነው፤ ሴቶቹም እየገቡ ነው።) ወላጅ መጀመሪያ ቀልድ ይመስለዋል። ቀጥሎ ይቆጣል። ቀጥሎ ዘመድ ይሰበስባል፤ ሽማግሌ ይልካል፣ የንስሐ አባት ይጠራል። ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት ከሆነ ግን ያ ሁሉ ጉባዔ ከንቱ ነው፤ ፊርማው የራሱ ነው። የሚሄድበት ቀንም ይደርሳል።

ያን ቀን ምን እናደርጋለን? ወግ የለንማ! ወግ የጠፋበት ሰው ደግሞ የለመደውን ያደርጋል። እኛ ዓይናችንን ጨፍነን የምናውቀው ለቅሶ ነውና እናለቅሳለን።

እናት ትተኛለች። ጎረቤት ምግብ ይዞ ይመጣል። የመጣው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “እግዜር ያፅናሽ” ብሎ ይቀመጣል። ልብ በሉ፣ “እግዜር ያፅናሽ” የሚባለው ሬሳ ለወጣበት ቤት ነው። አባት በበኩሉ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጦ ዝም ይላል። ልጁ ቦርሳውን አንግቶ ሳሎኑ መሃል ቆሞ የራሱን ለቅሶ ይታዘባል። በድሮ ጊዜ የቁም ተዝካር የሚያወጡ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱ ግን በፈቃዳቸው ነበር፣ ድግሱንም ራሳቸው ይበሉ ነበር። ለዚህ ልጅ ግን ሳይጠይቅ ነው የሚወጣለት።

እናት ለምን አለቀሰች የሚል ሰው እንዳልሆንኩ ይታወቅልኝ። እናት ያላለቀሰች ማን ያልቅስ? ትችቴ ሌላ ነው። ለቅሶው ሌላውን ሥራ ሁሉ ተክቶ ብቻውን መቅረቱን ነው የምተቸው። ካለቀስን በኋላ ሥራችንን የጨረስን ይመስለናል። ልጁ ግን ሥራውን ገና መጀመሩ ነው።

ፍርሃቱ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ዛሬ ሃምሳውን ያለፈ፣ ስድሳ የደረሰ የሀበሻ ወላጅ “ውትድርና” የሚለውን ቃል የተማረው ከቀበሌ ነው። በ1975 ዓ.ም. የታወጀው ብሔራዊ ውትድርና ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወጣት ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት ይጠራ ነበር። በወረቀት ላይ ሥርዓት ያለው ነገር ነው። እየዋለ እያደረ ግን አፈሳ ሆነ። ልጅ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ይቀራል። ወንድ ልጅ ያላት እናት በር ሲንኳኳ ልቧ ይወርዳል፤ ልጇን ቆጥ ላይ፣ አልጋ ሥር፣ ገጠር ዘመድ ቤት ትደብቃለች። ልጃቸው የቱ ተራራ ሥር እንደወደቀ ሳያውቁ፣ መርዶ እንኳ ሳይነገራቸው በር በሩን እያዩ ያረጁ እናቶች ነበሩ።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሊወድቅ ወራት ሲቀሩት ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ ከትምህርታቸው ተነስተው ብላቴ ማሠልጠኛ ገቡ። ግንቦት ላይ መንግሥቱ ሲፈርስ ብዙዎቹ በደቡቡ ድንበር ወደ ኬንያ ተሻገሩ። ከእነሱ መካከል ኋላ አሜሪካ የደረሱ፣ ዛሬ እዚህ ልጅ ያሳደጉ አሉ። ከዚያም ወዲህ ቢሆን ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. የኤርትራው ጦርነት፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ቁስሉ እንዲሽር ጊዜ አልሰጡትም።

እንግዲህ ከውትድርና አምልጦ ውቅያኖስ የተሻገረ ሰው ልጁ በገዛ እጁ ፈርሞ ሲሄድበት ምን ይበል? “እኔ በሌሊት የሸሸሁትን ነገር ልጄ በጠራራ ፀሐይ ሮጦ አቀፈው” ያሉኝ አባት አሉ።

በአንዳንድ ቤት ድንጋጤው ከዚያም ቀድሞ ይጀምራል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1973 ወዲህ በግዳጅ የምትመለምለው ወታደር የለም። ይሁንና ከ18 እስከ 25 ዓመት ያሉ ወንዶች፣ እዚሁ የሚኖሩ ስደተኞች ጭምር፣ ስማቸው በመዝገብ እንዲያዝ ሕጉ ያዛል። እና ልጁ አሥራ ስምንት ሲሞላው አንድ ደብዳቤ በፖስታ ዱብ ይላል። ከመርካቶ አፈሳ ወንድሟን ያተረፈች አንዲት እናት ያንን ወረቀት አስነብባ “እዚህም ቀበሌ አለ እንዴ!” ብላ ጮኸች አሉ። ስንስቅ ነበር። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም።

የመጀመሪያው ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ታሪክ ለልጁ ማን ነገረው? ማንም። ልጁ የሚያየው ለቅሶውን እንጂ ምክንያቱን አይደለም። አፈሳ የሚለውን ቃል አያውቀውም። አጎቱ ለምን ፎቶግራፍ ብቻ ሆኖ ግድግዳ ላይ እንደቀረ አልተነገረውም። “ያሳለፍነውን ለልጅ ምን ያደርግለታል” ብለን ሃያ ዓመት ደበቅነው። ስለዚህ እናቱ ስትንሰቀሰቅ “አላመነችብኝም”፣ ወይም “አፈረችብኝ” ብሎ ይተረጉመዋል። ስለ አጎቱ ብንነግረው ኖሮ ምናልባት ሐሳቡን አይለውጥም። ግን እንደተወደደ አውቆ ይሄድ ነበር።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራ ላይ የዋለው የትምህርት ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተማሪዎችን ስም፣ አድራሻና ስልክ ለጦር መልማዮች እንዲሰጡ ያዛል፤ በ2015 የተካው ሕግም ይህንኑ አስቀጥሏል። ወላጅ “የልጄን አትስጡ” ብሎ በጽሑፍ ካሳወቀ ግን ይቀራል። ስንቶቻችን ይህን እናውቃለን? ከትምህርት ቤት የሚመጣውን ወረቀት ከታክሲ፣ ከፓርኪንግ፣ ከነርሲንግ ሆም ድርብ ፈረቃ ደክመን ገብተን “የት ላይ ነው የምፈርመው?” ብለን የምንፈርም ነን። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ አይገባም፤ የፈረሙትን ፊርማ ኋላ የሚረግሙ ወላጆች ግን አሉ።

መልማዩማ ሥራውን ያውቃል። ከልጁ ጋር ወራት ያወራል። ስለ ኮሌጅ ክፍያ ያነሳለታል፤ የሚፈለግበትን ዓመት ያገለገለ ሰው እስከ 36 ወር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ክፍያ እንደሚሸፈንለት እውነቱን ይነግረዋል። ስለ ወደፊት ሕይወቱ ይጠይቀዋል፤ ሲመልስም ያዳምጠዋል። እኛስ? “ዶክተር ነው የምትሆነው” ብለን ውይይቱን በሰባት ዓመቱ የዘጋነው አይደለንም እንዴ? መልማይ ወሰደብን ከማለታችን በፊት ቤታችን ውስጥ ልጁን ቁጭ አድርጎ ያነጋገረ ሰው እንደነበረ ራሳችንን እንጠይቅ።

አሁን ልጁ ሄዷል እንበል። ማሪን ከሆነ 13 ሳምንት ነው፤ ሳውዝ ካሮላይና ፓሪስ አይላንድ፣ ወይም ካሊፎርኒያ ሳንዲያጎ። አርሚ ከሆነ 10 ሳምንት ገደማ። ማሪኖቹ ዘንድ ልጆቹ ከአውቶቡስ እንደወረዱ በቢጫ ቀለም በተሳሉ የእግር ዱካዎች ላይ እንዲቆሙ ይታዘዛሉ። ፀጉር ይላጫል፣ ሞባይል ይወሰዳል። ከዚያ ወደ ቤት አንድ ስልክ ይደወላል።

ያ ስልክ ነው ቤተሰቡን የሚያፈርሰው። ልጁ ወሬ አያወራም፤ ተጽፎ የተሰጠውን ጮክ ብሎ ያነባል። በሰላም ደርሻለሁ፤ ምግብና ትልቅ ዕቃ አትላኩ፤ አድራሻዬን በጽሑፍ አሳውቃችኋለሁ፤ አመሰግናለሁ፤ ደህና ሁኑ። በቃ። እናት “ሆዴ፣ በላህ?” ስትል መስመሩ ተዘግቷል። ያን ሌሊት ቤቱ ውስጥ የሚተኛ የለም። “ድምፁ የሱ አይደለም፣ እየገረፉት ነው” ይባላል። እዚያ የገባ ምልምል ሁሉ ያንኑ ቃል በዚያው ድምፅ ለእናቱ እንደሚያነብ አስቀድሞ የነገራቸው ሰው የለማ! ስለ ግብር፣ ስለ ቤት ግዢ፣ ስለ ጤና መድን በየአዳራሹ ስብሰባ እንጠራለን። ልጃቸውን ለጦር የሰጡ ሁለት ወላጆች ገና ሊሰጡ ያሉትን ሁለት ወላጆች ቡና ጠርተው “ስልኩ እንዲህ ነው፣ አትደንግጡ” እንዲሏቸው ግን ማንም አላሰበም። ምክንያቱም ልጃቸው የሄደባቸው ሰዎች ተደብቀዋል።

ለምን ይደበቃሉ? ምላሳችንን ፈርተው ነው። “ምን አጥተው ነው ልጃቸውን የሸጡት?” “ትምህርት አልገባ ብሎት ነው።” “አባትየው ዝም ብሎ አየው?” ይህን የሚለው ከጀርባ ነው፤ ፊት ለፊት “እግዜር ያፅናሽ” ያለው ያው ሰው ነው። ልጁ ሲመረቅ ደግሞ ፊተኛ ሆኖ ካሜራውን ይዞ ይቀርባል። ከተመረቀው ወታደር ጎን ቆሞ “ጀግናችን” ብሎ ፎቶውን ይለጥፋል። መጀመሪያ ለቅሶ ላይ፣ መጨረሻ ድግስ ላይ አለ። መሃል ያሉት 13 ሳምንታት ላይ ግን የለም።

በስልኩ መልእክት ውስጥ እናቶቻችንን የሚገድላቸው አንዱ ነው፤ ምግብ አትላኩ። በእኛ አገር ዘማች ያለ ስንቅ ወጥቶ ያውቃል? በሶው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ጭኮው፣ ድርቆሹ ሌላ ምንድን ነው? የእናት ቃል እኮ ነው። ልጃቸው ታፍሶ የገባባቸው እናቶች እንኳ በሶ ቋጥረው እስከ ማሠልጠኛው በር ሄደዋል። አንዲት እናት “እነሱ ምን ያውቃሉ” ብላ ካርቶን ሙሉ ዳቦ ቆሎ ላከች አሉ። የዳቦ ቆሎው መጨረሻ አልታወቀም፤ ልጁ ግን በጓደኞቹ ፊት ፑሽ አፕ ሲሠራ አመሸ። ለምርቃቱ ስትሄድ የነገራት የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነው ይባላል።

ታዲያ ምን ይላክ? የሚፈቀደው አንድ ነገር ነው፤ ደብዳቤ። ያውም የፈለጉትን ያህል። ልጆቹ ምሽት ላይ ስማቸው እየተጠራ ደብዳቤ ይታደላቸዋል። ስሙ የተጠራ ልጅ አለ፤ ሳምንቱን ሙሉ ሳይጠራ የሚተኛም አለ።

የሚገርመው የእኛ ትውልድ ደብዳቤን ያውቃል። “ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል” ብለን ጽፈን ያደግን ነን። ማንበብ የማትችል እናት የጎረቤት ተማሪ ጠርታ፣ ቆሎ ዘግና፣ ልቧ ውስጥ ያለውን ታስጽፍ ነበር። ያ ተማሪ ዛሬ ልጁን የሸኘው አባት ነው። ብዕሩን ግን ከጣለ ቆይቷል፤ የሚልከው የአውራ ጣት ምልክት ብቻ ሆኗል። ስልክ በሌለበት ቦታ ደግሞ አውራ ጣት አይደርስም።

ከዚህ የባሰም አለ። ልጁ አማርኛ ይሰማል እንጂ አያነብም። እናቱ እንግሊዝኛ ትሰማለች እንጂ አትጽፍም። በስልክ ሲሆን ይህ ክፍተት አይታወቅም ነበር፤ እሷ በአማርኛ ትጠይቃለች፣ እሱ በእንግሊዝኛ ይመልሳል፣ ይግባባሉ። ወረቀት ላይ ሲመጣ ግን በእናትና በልጅ መካከል ያለው ገደል ወለል ብሎ ታየ። “አማርኛ ምን ሊያደርግለት ነው፣ እንግሊዝኛውን ይወቅ” ብለን የቅዳሜውን የፊደል ትምህርት በእግር ኳስ ልምምድ የለወጥን ወላጆች፣ ምን ሊያደርግለት እንደነበረ አሁን ገባን። አንድ መስመር የእናቱን እጅ ጽሑፍ ራሱ ለማንበብ ያስችለው ነበር። ለነገሩ አሁንም ቢሆን ታናሽ እህቱ አለች። እናት በአማርኛ ትናገር፣ ልጅቷ በእንግሊዝኛ ትጻፍ፤ የጥንቱ ጸሐፊ ተማሪ ሥራ ማለት ነው። ከሥሩ እናት በገዛ እጇ አንድ ቃል በፊደሏ ታክልበት። ባያነበውም የማን እጅ እንደሆነ ያውቃል።

ምን እንደሚጻፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አንዳንዱ ደብዳቤ የለቅሶው ተከታይ ክፍል ነው። “ከሄድክ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ደም ግፊቴ ጨምሯል፤ አባትህ አይናገርም።” ይህን ያነበበ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን ያድርግ? መጥቶ አያባብል፣ ደውሎ አያፅናና። የራሱ ሸክም ላይ የእኛን ጨመርንበት።

ሌላው ደግሞ ተቃራኒው ነው። “ሁሉ ሰላም ነው” ይባላል፤ በዚያው ሳምንት አያቱ አርፈዋል። “ሥልጠና ላይ ነው፣ እንዳትነግሩት!” ተብሎ ዘመድ ሁሉ ይማማላል። ልጁ ተመርቆ፣ የደስታው ቀን ላይ፣ ጥቁር የለበሰች አክስቱን አይቶ ይረዳል። ይህን “ባህላችን ነው” የሚል አለ። እኔ አይመስለኝም። ባህላችን መርዶን በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይወድቅ ተጠንቅቆ ይነግራል። ለሦስት ወር ቀብሮ ማቆየት የወግ ሳይሆን የፍርሃት ነው። እዚህ አገር ለዚህ መንገድ አለው። ቤተሰብ ለአሜሪካ ቀይ መስቀል ያሳውቃል፤ ቀይ መስቀሉ ነገሩን አጣርቶ ለአዛዡ ያስተላልፋል፤ ልጁ ከአለቃው ወይም ከቄሱ ይሰማል። ዘመድ ባይሆንም ሰው አጠገቡ አለ ማለት ነው።

“ታዲያ አንተ ፍርሃቱን አቃለልከው” እንዳትሉኝ። ፍርሃቱ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1956 ፓሪስ አይላንድ ላይ አንድ አሠልጣኝ በሌሊት ወደ ረግረግ ይዟቸው ከገባ ምልምሎች ስድስቱ ሰጥመው ቀርተዋል። በ2016 ደግሞ የፓኪስታን ስደተኞች ልጅ የሆነ የሃያ ዓመት ምልምል እዚያው ከፎቅ ወድቆ ሞቷል። በሙስሊም ምልምሎች ላይ ግፍ መፈጸሙ የተረጋገጠበት አሠልጣኝ በ2017 በወታደራዊ ፍርድ ቤት አሥር ዓመት ተፈርዶበታል። የስደተኛ ልጅ ስሙም መልኩም ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ለዚህ ነው ጠያቂ ወላጅ የሚያስፈልገው። የልጁን ክፍል ቁጥርና የአዛዡን ቢሮ የሚያውቅ፣ ነገር ሲጠረጥር ለቄሱ የሚደውል፣ ካልሆነም ለወረዳው የምክር ቤት እንደራሴ ቢሮ አቤት የሚል ወላጅ። ሳሎናችን ውስጥ የምናለቅሰው ለቅሶ አንድም አሠልጣኝ አስደንግጦ አያውቅም።

ደብዳቤው ውስጥ የሚገባ አንድ ነገር ልጠቁም። እዚያ ማሠልጠኛ ልጅ በራሱ ስም አይጠራም፤ በቤተሰብ ስሙ ነው። የፈረንጅ ልጅ ሲሆን ያ ስም የዘር ሁሉ ስም ነው። የእኛ ልጅ ሲሆን ግን የአንድ ሰው ስም ነው፤ የአባቱ ወይም የአያቱ። እና በግራኝ እጁ አርሶ፣ በሬ አጥቶ፣ ልጅ አስተምሮ ያለፈ የአንድ ገበሬ ስም ሳውዝ ካሮላይና ላይ ገና ሳይነጋ በተጣመመ አፍ ይጮኻል። ልጁ “አቤት” የሚለው በዚያ ሰው ስም ነው። ስለዚያ ሰው ግን ምን ያውቃል? እስቲ እሱን ጻፉለት። ማን ነበር፣ ምን ይወድ ነበር፣ ምን አስፈራው፣ ምን አደረገ። አባት ሆይ፣ ስምህ ከሆነ የሚጠራው፣ የራስህን ታሪክ ጻፍለት፤ የቆጥ ላዩን፣ የሌሊቱን መንገድ፣ የኬንያውን። ፊት ለፊት ለመናገር አፍህ እንቢ ያለህን ወረቀት ይቀበልሃል። አንድ ገጽ ይበቃል። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ አንድ ገጽ።

ዳቦ ቆሎውን ለምርቃቱ ቀን አቆዩት። ያን ቀን የሚከለክል የለም።